ቢራና ምግብ ለመቅመስ በባቡር ጀርመንና ቼክ፦ ከጎንደር ለሚነሳ ሰው ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከተመለስን ጀምሮ ፒያሳ ቡና ላይም፣ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥም የምጠየቀው ይህንኑ ስለሆነ አንዴ ጽፌው ልረፍ።

ጎንደር ባቡር የላትም። ታዲያ «የባቡር ጉዞ» ስትል ምን ማለትህ ነው?

እውነት ነው፣ ጎንደር ሐዲድ አልደረሳትም። እኔና እህቴ ከአዘዞ በአውሮፕላን አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ደግሞ በሌሊት በረራ ፍራንክፈርት ገባን። ባቡሩ የሚጀምረው እዚያ ነው። የፍራንክፈርት አውሮፕላን ማረፊያ የራሱ የረጅም ርቀት ባቡር ጣቢያ አለው። ሻንጣችሁን እየጎተታችሁ በእግር ትደርሳላችሁ፤ ታክሲ ፍለጋ፣ የዋጋ ክርክር ምናምን የለም።

ከዚያ በኋላ ያለው 10 ቀን በሙሉ በባቡር ነው። ከፍራንክፈርት ኮሎኝ 1 ሰዓት ገደማ፣ ከኮሎኝ ባምበርግ 4 ሰዓት ገደማ፣ ከባምበርግ በኑረምበርግ በኩል ድንበር ተሻግሮ ፕልዘን፣ ከፕልዘን ፕራግ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ። ከዚያ በድሬስደን አድርጎ ወደ ፍራንክፈርት መመለስ ነው፤ ይኼኛው አንድ ሙሉ ቀን ይበላል። በየከተማው ወርደን የሀገሬው ሰው የሚበላውን በላን፣ የሚጠጣውን ቀመስን። ሌላ ዕቅድ አልነበረንም።

ጅቡቲ እያለችልን ለምን አውሮፓ ድረስ?

ጥሩ ጥያቄ ነው። ከኢትዮጵያ ተነስቶ ድንበር የሚሻገር ባቡር የጅቡቲው ብቻ ነው። አዲሱ መስመር እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀ ነው፤ ከአዲስ አበባ በአዳማና በድሬዳዋ በኩል 750 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ለዓሣ ከሆነ ሂዱ። ለሁለት ተሰንጥቆ በእሳት ምድጃ የሚጠበሰው የየመኖች ዓሣ ከትልቅ ትኩስ ቂጣ ጋር ሲቀርብ ሌላ ነገር አያስመኝም። ለቢራ ከሆነ ግን ጅቡቲ አትሆናችሁም። አብዛኛው ሰው ሙስሊም ነው፣ ቢራው በሆቴልና በጥቂት ቤቶች ነው የሚገኘው፣ ዋጋውም ይቆጠቁጣል።

ቪዛው እንዴት ነው? ለሁለት አገር ሁለት ቪዛ ያስፈልጋል?

አያስፈልግም። ጀርመንም ቼክም በሸንገን ውስጥ ስለሆኑ አንዱ ይበቃል። ማመልከቻው የሚገባው ብዙ ሌሊት ለምታድሩበት አገር ነው፤ እኩል ከሆነ መጀመሪያ ለምትገቡበት። እኛ ጀርመን የምናድረው ስለሚበዛ ለጀርመን አመለከትን። ከጉዞው ከ6 ወር በፊት ማመልከት አይቻልም፣ 15 ቀን ሲቀረው ደግሞ ረፍዷል። ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው። የጉዞ የሕክምና ዋስትናው ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን መሆን አለበት።

ሰው የሚሰናከለው ቀን ላይ ነው። የእኛ ወረቀት ግማሹ በኢትዮጵያ፣ ግማሹ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። የመሥሪያ ቤት የፈቃድ ደብዳቤ ላይ «ከሐምሌ 10» ተብሎ ከተጻፈ የፈረንጁ ቀን ጎኑ ይኑር። ቪዛው እጃችሁ ሳይገባ ደግሞ ገንዘቡ የማይመለስ የባቡር ቲኬት እንዳትገዙ።

ስንት ብር ይፈጃል?

በብር ብነግራችሁ በሳምንቱ ይቀየራል። ዋናው ወጪ የአውሮፕላኑና የመኝታው ነው። ቢራው ከሁሉም ርካሹ ነው፣ በተለይ ቼክ። ከፕራግ መሃል ከተማ ትንሽ ወጣ ካላችሁ ግማሽ ሊትር ድራፍት ከ3 ዩሮ በታች ታገኛላችሁ። ጀርመን ከዚያ ይወደዳል። ቼክ ሸንገን ውስጥ ብትሆንም መገበያያዋ ኮሩና እንጂ ዩሮ አይደለም።

ጥሬ ገንዘብ ያዙ። ጀርመን ውስጥ ካርድ የማይቀበል ትንሽ ቢራ ቤት ሞልቷል፤ ፈረንጅ አገር ሁሉም በካርድ ነው የሚባለውን እርሱት። የጣቢያ ሽንት ቤትም ያስከፍላል፣ ሳንቲም ኪሳችሁ አይጥፋ። ጠርሙስ ላይ ደግሞ እንደኛው ማስያዣ አለ። የቢራ ጠርሙስ ብዙ ጊዜ 8 ሳንቲም፣ ቆርቆሮውና የሚጣለው ፕላስቲክ 25 ሳንቲም። ሱፐርማርኬት ያለው ማሽን ባዶውን ተቀብሎ ደረሰኝ ይሰጣችኋል። እህቴ የሁለት ቀን ቡናዋን በባዶ ጠርሙስ ነው የጠጣችው።

የባቡር ቲኬት የት ነው የሚገዛው? አስቀድሞ ነው ወይስ እዚያው?

ረጅሙን መንገድ አስቀድሞ፣ በስልክ። ለፈጣኖቹ ባቡሮች ቀደም ብሎ የተገዛ ቲኬት በጣም ይረክሳል፤ ቁም ነገሩ ግን ርካሹ ቲኬት ከዚያች ባቡር ጋር የታሰረ መሆኑ ነው። አንዷ ካመለጠቻችሁ በሚቀጥለው ልሂድ አይባልም። ውዱ ቲኬት ይህ ችግር የለበትም።

ለአጭር አጭሩ መንገድ የባየር (ባቫሪያ) ክልል የቀን ቲኬት አለ። በአንድ ቲኬት እስከ 5 ሰው ሆናችሁ ቀኑን ሙሉ በክልሉ ባቡሮች ትሄዳላችሁ። በሥራ ቀን ከጠዋቱ 3 ሰዓታችን በኋላ ነው የሚሠራው፣ ፈጣኖቹን ባቡሮችም አያካትትም። አገር ለአገር ለመዞር የሚሸጠው ማለፊያ ለእኛ ዓይነቱ መንገደኛ «ዩሬይል» የሚባለው ነው፤ «ኢንተርሬይል» አውሮፓ ውስጥ ለሚኖር ነው። እኛ አምስት ረጃጅም ጉዞ ብቻ ስለነበረን አላዋጣንም።

አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። ጣቢያው በር የለውም። ማንም ሳይጠይቃችሁ ቀጥ ብላችሁ ትገባላችሁ። ነጻ እንዳይመስላችሁ፤ ተቆጣጣሪው መንገድ ላይ ይመጣል፣ ቲኬት የሌለው 60 ዩሮ ይቀጣል።

ሰዓቱ ግራ አጋባኝ። 14:05 ማለት ስንት ሰዓት ነው?

6 ቀንሱ። 14:05 ማለት በእኛ ከቀኑ 8:05 ነው። 20:10 ላይ 6 ስትቀንሱ 14:10 ይመጣል፣ ከ12 ስላለፈ 12 ቀንሱ፣ ከምሽቱ 2:10 ይሆናል። ሁለት ቀን ካደረጋችሁት እጃችሁ ይለምደዋል።

የሚያስቸግረው ሌላ ነው። ከአገራችን ጋር ያለው ልዩነት በክረምታቸው 2 ሰዓት፣ በበጋቸው 1 ሰዓት ነው። የሚቀየረው በመጋቢትና በጥቅምት (በፈረንጆቹ ማርችና ኦክቶበር) የመጨረሻ እሑድ ነው። እኔ ይህን ሳላውቅ የእጅ ሰዓቴን በጎንደር እንደሞላሁት ይዤ በልቤ 2 እየቀነስኩ እዞራለሁ። አንድ ቀን የ14:05 ባቡር ነበረን። ሰዓቴ 9:35 ይላል፣ እኔ በሒሳቤ ገና 30 ደቂቃ አለን ብዬ አንድ ብሬዘል (የተጠማዘዘ የጀርመን ዳቦ) ልግዛ እላለሁ። ለካ ባቡሩ ከሄደ 30 ደቂቃ ሆኖታል። እህቴ እስካሁን ሰዓት የምትጠይቀኝ ለማሾፍ ነው። የእጅ ሰዓታችሁን ሻንጣ ውስጥ ክተቱና ስልካችሁን እመኑ።

ባቡር ውስጥ መብላትና መጠጣት ይቻላል?

በረጅም ርቀት ባቡሮች ይቻላል። የራሳችሁን ይዛችሁ መግባት ትችላላችሁ፣ ከባቡሩ ምግብ ቤት መግዛትም ይቻላል። የከተማ ባቡሮች ላይ ግን መጠጥ የከለከሉ ከተሞች አሉ፤ ሙኒክ አንዷ ናት። በሩ ላይ ያለውን ምልክት እዩ።

ከጉዞው ሁሉ አንዱን ሰዓት ብቻ ድገም ብትሉኝ ከፕራግ ወደ ድሬስደን የሄድንበትን ነው የምመርጠው። የቼክ ባቡር ምግብ ቤት ፉርጎ የታወቀ ነው። ትኩስ ምግብ በሳህን ይመጣል፣ ቢራው ድራፍት ነው። ሐዲዱ ወንዙን ተከትሎ በገደል መሃል ይጓዛል። መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠህ፣ ብርጭቆው በባቡሩ መንቀጥቀጥ እየተንሸራተተ፣ ወንዙ ከጎንህ አብሮህ ሲሄድ... ሁለት ሰዓት ከምናምን ነው፣ ያጥራል። ቦታ እንዲገኝ ባቡሩ ከመነሳቱ ቀጥ ብላችሁ ወደ ምግብ ቤቱ ሂዱ።

ቋንቋስ?

ከተማው መሃል በእንግሊዝኛ ትግባባላችሁ። ባምበርግ ያሉ ሽማግሌዎች ጋ ግን ፈገግታና ጣት ነው። ጀርመን ሲጠጡ «ፕሮስት» ይላሉ፣ ዓይን ለዓይን ተያይቶ ነው፤ ብርጭቆህን እያየህ ካጋጨህ እንደ ነውር ነው። ቼኮች «ና ዝድራቪ» ይላሉ። ትርጉሙ ቀጥታ የእኛው «ለጤናችን» ነው።

ውሃ ስትጠይቁ ተጠንቀቁ። «ቫሰር» ካላችሁ የሚመጣው ብዙ ጊዜ እንደ አምቦ ጋዝ ያለው ነው። ጋዝ የሌለውን ከፈለጋችሁ «ሽቲል» በሉ። በነጻ የቀረበ እንዳይመስላችሁ ደግሞ፣ ይከፈልበታል።

ኮሎኝ ላይ ብርጭቆው ለምን እንደዚያ ትንሽ ሆነ? እንዴትስ «በቃኝ» ይባላል?

የኮሎኝ ቢራ ኮልሽ ይባላል። ቀጭን 0.2 ሊትር ብርጭቆ ነው፤ በጃንቦ የለመደ ሰው መጀመሪያ የሰደቡት ይመስለዋል። ምክንያት አለው። ሳይሞቅ ሳይተን እንዲያልቅ ነው። አስተናጋጁ ሳትጠሩት ባዶውን አንስቶ ሙሉውን ያስቀምጣል፣ ከብርጭቆው ሥር ባለችው ካርቶን ላይ ደግሞ በእርሳስ አንድ ጭረት ይጨምራል። ሒሳቡ እሷ ናት፣ እንዳትጥሏት።

«በቃኝ» ማለት ከፈለጋችሁ ካርቶኗን ብርጭቆው ላይ ክደኑት። ይህን ሲነግሩን እኔና እህቴ ተያይተን ሳቅን። የእኛ አገር ጠላ ቤትስ ሌላ ምን አለው? ብርጭቆህን በእጅህ ካልከደንክ ይቀዳልሃል። ልዩነቱ እዚያ ስትከድን ያቆማሉ፣ እዚህ ከከደንክም በኋላ «በሞቴ» አለ። ጎረቤት ከተማ ዱሰልዶርፍ የሚጠጣው ጠቆር ያለ ሌላ ቢራ ነው፣ «አልት» ይሉታል። ኮሎኝ ተቀምጣችሁ እሱን እንዳትጠይቁ፤ ጎንደሬና ጎጃሜ እንደሚተራረቡት ነው የሚተራረቡት።

የጭስ ቢራ የሚባለው እውነት ጭስ ጭስ ይላል? ሰው እንዴት ይጠጣዋል?

ይላል። በዚህ ጥያቄ ላይ ግን ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ጉዞው ለእኔ ይህ ነው። ባምበርግ ትንሽ ከተማ ናት። አሮጌው ክፍሏ እ.ኤ.አ. በ1993 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ የእኛ ፋሲል ግቢ በ1979 ቀድሟታል፣ ይህን ለአስተናጋጁ ሳልነግር አልወጣሁም። ሽሌንከርላ የሚባለው ቤት ቢራውን ከእንጨት በርሜል በቀጥታ ይቀዳል። ጥቁር ነው፣ 5.1 በመቶ አልኮል አለው። የጭሱ ምንጭ ብቅሉ ነው። ብቅሉን የሚያደርቁት በእንጨት እሳት ጭስ ላይ ነው። ድሮ ብቅል በእሳት ሲደርቅ ጭስ መሽተቱ የተለመደ ነበር፤ ጭሱ እህሉን የማይነካበት ምድጃ ሲመጣ ሌላው ዓለም ተወው፣ ባምበርግ አልተወችም።

የአገሩ ሰው «የመጀመሪያው አይጥምህም፣ በሦስተኛው ትወደዋለህ» ይላል። አጠገባችን የነበሩ ቱሪስቶች አንዴ ፉት ብለው ፊታቸውን አጨማደዱ። እኔ ግን ሦስተኛውን መጠበቅ አላስፈለገኝም። እናቴ ጠላ ከመጥመቋ በፊት ጋኑን በወይራ ታጥነዋለች፣ ቤቱ ሁሉ ይሸታል። ያ ሽታ ነው ብርጭቆው ውስጥ ቁጭ ብሎ ያገኘሁት። በእኛ ጭሱ በጋኑ በኩል ይገባል፣ በእነሱ በብቅሉ በኩል። አሻሮና ወይራ እየሸተተው ላደገ የጎንደር ልጅ ይህ ቢራ እንግዳ አይደለም። ለዚህ ነው ሙኒክን ዝለሉና ባምበርግ 3 ሌሊት እደሩ የምለው።

ጉሽ ጠላ የሚወድ ደግሞ ያልተጣራውን ቢራ ይጠይቅ፤ «ኬለርቢር» ይሉታል። በበጋ ከከተማዋ ዳር ኮረብታው ላይ ዛፍ ሥር ነው የሚጠጣው። ኬለር ማለት ምድር ቤት ነው፣ ሰዎቹ ግን «ምድር ቤቱ ላይ እንሂድ» ነው የሚሉት። ቢራው ድሮ ከሥር በዋሻ ስለሚቀመጥ፣ ጠጪው ከላይ ስለሚቀመጥ ነው። በብዙዎቹ ቦታዎች የራሳችሁን ምግብ ይዛችሁ መሄድ ይቻላል። ቢራው ብቻ ከቤቱ ይሁን።

ጠላ በእነሱ ሕግ ቢራ ይባላል?

አይባልም። እ.ኤ.አ. በ1516 ባየር ውስጥ የወጣው ሕግ ቢራ የሚጠመቀው ከውሃ፣ ከገብስና ከሆፕ ብቻ ነው ይላል። እርሾ እንኳ አልተጠቀሰም። ጌሾ የገባበት ወዲያው ወደቀ ማለት ነው። ሆፕ የሚሠራው ሥራ ግን ጌሾ የሚሠራውን ነው፦ ምሬት ይሰጣል፣ እንዳይበላሽም ያግዛል። ለእናቴ ሕጉን ስነግራት «እነሱ ጌሾ ስላጡ ነው» አለችኝ።

ፕልዘን የቢራ ፋብሪካ ብቻ ለማየት መውረድ ያዋጣል? ዳሸንን በደጃችን እያየን?

ያዋጣል። ፒያሳ የምንጠጣው ወርቃማ ቢራ፣ ዳሸንም ይሁን ሌላው፣ ዘሩ ሲቆጠር እዚያ ይደርሳል። ነገሩ እንዲህ ነው። የፕልዘን ሰዎች የከተማቸው ቢራ እየተበላሸ አስመርሯቸው እ.ኤ.አ. በ1838 36 በርሜል ማዘጋጃ ቤቱ ፊት ለፊት ደፉት። ከዚያ አዲስ ፋብሪካ ሠሩና ዮሴፍ ግሮል የሚባል የባየር ጠማቂ አመጡ። በ1842 እሱ ያወጣው ነጣ ያለና ጥርት ያለ ቢራ ነው ዛሬ ዓለም ሁሉ የሚኮርጀው። የከተማዋ ውሃ ለስላሳ መሆኑ ረድቶታል።

ጉብኝቱ ከመሬት በታች ነው። ዋሻዎቹ ሲደመሩ ወደ 9 ኪሎ ሜትር ይደርሳሉ ይባላል። መጨረሻ ላይ ያልተጣራ ቢራ ከትልቅ የእንጨት በርሜል ይቀዳላችኋል። ውስጡ ይበርዳል፣ ጋቢ ብትይዙ አያሳፍርም። እኔ በቲሸርት ገብቼ ቢራውን የጠጣሁት እየተንቀጠቀጥኩ ነው።

ቼክ አገር ቢራው ላይ 10 እና 12 ይላል። 12 በመቶ አልኮል ነው?

አይደለም፣ አትደንግጡ። ቁጥሩ ከመጠመቁ በፊት በፈሳሹ ውስጥ የነበረው የብቅል ስኳር ልክ ነው። 10 የሚለው 4 በመቶ አካባቢ፣ 12 የሚለው 5 በመቶ አካባቢ አልኮል አለው።

አረፋው ላይም አትጣሉ። እኛ አገር አረፋ ከበዛ ተሰረቅን እንላለን። እዚያ ወፍራም እርጥብ አረፋ የጥሩ ቀጂ ምልክት ነው፤ እንዲያውም ብርጭቆው በሙሉ አረፋ ሆኖ የሚቀዳ አለ፣ «ምሊኮ» ይሉታል፣ ወተት ማለት ነው። ጣፈጥ ይላል። አንዴ ሞክሩት፣ ሁለቴ ግን እኔ አልከፍልበትም።

አሳማ አልበላም። ምን ልበላ ነው?

ይህ ከሁሉም በላይ የተጠየቅኩት ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሁለቱም አገር አሳማ በአሳማ ነው። ጀርመንኛው «ሽቫይን» ነው፣ ዝርዝሩ ላይ ይህን ቃል ፈልጉ። ቋሊማ በደፈናው አትዘዙ። ነጩ የሙኒክ ቋሊማ የጥጃ ነው ይሏችኋል፣ አሳማም አለበት። ሽኒትዝል (በዳቦ ፍርፋሪ ተለብጦ የሚጠበስ ስስ ሥጋ) ላይ ወጥመድ አለ፦ «ቪነር ሽኒትዝል» የጥጃ ሥጋ መሆን አለበት፣ «ቪነር አርት» ከተባለ ግን ብዙ ጊዜ አሳማ ነው። አንዲት ቃል ናት የምትለየው። ጎመኑም በአሳማ ስብ ሊበስል ስለሚችል ጠይቁ።

የሚበላውስ? ጀርመን ዛፍ ሥር በሚጠጣባቸው ቢራ ቤቶች የተጠበሰ ግማሽ ዶሮና በእንጨት ተሰክቶ የሚጠበስ ዓሣ አለ። ቼክ ደግሞ «ስቪችኮቫ» እዘዙ። የበሬ ሥጋ ነው፣ በሥራ ሥርና በክሬም መረቅ የተሠራ። አብሮት የሚመጣው ተቆራርጦ የቀረበ ለስላሳ ነገር የእኛን ኅብስት ነው የሚመስለው፤ መረቁን ጠራርጎ ይበላበታል። በእጄ ቆርሼ ባጎርሳት እህቴ ቆጣችኝ፣ ሰው እያየ ነው ብላ።

ኮሎኝ ላይ የእኔን ስህተት አትድገሙ። «ሃልቨ ሃን» የሚል አየሁ፣ ግማሽ አውራ ዶሮ ማለት ነው አሉኝ፣ ርቦኝ ነበር፣ አዘዝኩ። የመጣው ዳቦ፣ ቺዝና ሽንኩርት ነው። ዶሮ የሚባል የለበትም። ስሙ እንደዚያ ሆኖ ነው የቀረው።

በጾም ቀን ምን ይደረጋል?

«ቬጀቴሪያን» አትበሉ። እንቁላልና ቺዝ ይመጣላችኋል። ጾም ማለት ለእነሱ «ቪጋን» ነው፣ ይህን ቃል ያዙ። ብሬዘልም ቢሆን ቅቤ የተቀባ ስላለ ባዶውን ጠይቁ። ከሁሉ የሚሻለው ግን ቀኑን ማመቻቸት ነው። እኛ የሐዋርያት ጾም ሐምሌ 5 ከተፈታ በኋላ፣ ነሐሴ 1 ፍልሰታ ከመግባቷ በፊት ነው የሄድነው። ረቡዕና ዓርብን ብቻ ነው የጾምነው፣ እነሱንም የመንገድ ቀን አደረግናቸው።

የሚገርመው እነሱም የጾም ቢራ አላቸው። ሙኒክ ውስጥ በእነሱ ዐቢይ ጾም ሰሞን ጠንካራ ቢራ ይጠመቃል። መነኮሳቱ ምግብ ሲተዉ ጉልበት እንዲሆናቸው ይጠጡት ነበር፣ «ፈሳሽ ዳቦ» ነው የሚሉት። እኛ በሁዳዴ እንዲህ ብንል ንስሐ አባታችን ምን እንደሚሉን እናንተ ገምቱ።

ጥሬ ሥጋ አለ ወይ?

አለ! ቼክ ላይ «ታታራክ» በሉ። የበሬ ሥጋ እንደ ክትፎ ደቆ፣ ከላዩ የእንቁላል አስኳል፣ ከጎኑ ሽንኩርትና ሰናፍጭ ይመጣል። በዘይት የተጠበሰውን ዳቦ በነጭ ሽንኩርት ፈትጋችሁ ከላይ ትቀቡታላችሁ። ሚጥሚጣ የለውም፤ እኔ በወረቀት ጠቅልዬ ይዤ ነበር፣ እጄ ኪሴ ሲገባ አስተናጋጁ ጠረጠረኝ። ጀርመን ውስጥም ዳቦ ላይ የሚቀባ ጥሬ ሥጋ ታያላችሁ፣ «ሜት» ይባላል። እሱ አሳማ ነው። ቀዩን አይታችሁ እንዳትሮጡበት።

ሴት ነኝ፣ ብቻዬን ነኝ። ቢራ ቤት ብገባ ያዩኛል?

እህቴን ጠየቅኳት። ባምበርግ አንድ ከሰዓት እኔ ስተኛ ብቻዋን ወጥታ ነበር። «ግሮሰሪ ገብቼ ቢራ ብጠጣ ጎንደር ማታውን ለእማዬ ይደርሳታል፤ እዚያ ግን አንዲት አሮጊት ጋዜጣ እያነበበች፣ እኔ መጽሐፌን ይዤ፣ አንድ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ሰዓት ቆየን» ነው ያለችኝ። ከማያውቁት ሰው ጋር ጠረጴዛ መጋራት የተለመደ ነው፤ ክፍት መሆኑን ጠይቃችሁ ተቀመጡ። «ሽታምቲሽ» የሚል ምልክት ያለበት ጠረጴዛ ላይ ብቻ አትቀመጡ፣ የዘወትር ደንበኞች ቦታ ነው። ለወንዱም ያው ነው።

አልኮል የማይጠጣ ሰው አብሮ ቢሄድ ይሰለቸዋል?

አይሰለችም። ጀርመን አልኮል የሌለው ቢራ እንደ ልብ ነው፣ ጣዕሙም ቀልድ አይደለም። «አልኮሆልፍራይ» የሚለው ግን እስከ 0.5 በመቶ ሊኖረው ይችላል፤ ጨርሶ የማይፈልግ 0.0 የሚለውን ይፈልግ። ቼክ ላይ ደግሞ ኮፎላ የሚባል ጥቁር ለስላሳ እንደ ድራፍት ይቀዳል።

ኦክቶበርፌስት ላይ መሄድ አይሻልም?

ለእኔ አይሻልም። ይህ የሙኒክ ትልቁ የቢራ በዓል ስሙ ኦክቶበር ቢሆንም የሚጀምረው በሴፕቴምበር ነው፣ ከእንቁጣጣሽ በኋላ፤ መስቀልን ደመራ ትታችሁ ሙኒክ ድንኳን ውስጥ ልትውሉ ነው። መኝታ ይወደዳል፣ ባቡሩ ይጨናነቃል፣ ብርጭቆው 1 ሊትር ነው። በዓል ካማራችሁ በፈረንጆቹ ጁላይ መጨረሻ ፎርክሃይም ላይ የሐና በዓል አለ። ከተማዋ ከኑረምበርግ ወደ ባምበርግ በሚሄደው ሐዲድ ላይ ናት፣ ቢራው ጫካ ውስጥ ነው የሚጠጣው።

ባቡሩ ቢዘገይ ወይም ቢያመልጠኝስ?

ይዘገያል። «የጀርመን ሰዓት አክባሪነት» የሚለውን ጎንደር ትታችሁት ሂዱ። እ.ኤ.አ. በ2024 በሰዓታቸው የደረሱት የረጅም ርቀት ባቡሮች ከ100 ወደ 62 ገደማ ብቻ ናቸው። ባቡር መቀየሪያ ላይ 8 ደቂቃ ብቻ ያለው ጉዞ አትግዙ፣ ቢያንስ 30 ደቂቃ ይኑራችሁ።

ጥፋቱ የእናንተ ከሆነ (እንደ እኔ) ርካሹ ቲኬት ሞቷል፣ አዲስ ትገዛላችሁ። ጥፋቱ የባቡሩ ከሆነ ግን መብት አላችሁ። ጀርመን ውስጥ መድረሻችሁ ላይ 20 ደቂቃና ከዚያ በላይ እንደምትዘገዩ ከታወቀ ከባቡሯ ጋር ያሰራችሁ ገመድ ይፈታል፣ በሌላ መሄድ ትችላላችሁ። 60 ደቂቃ ከዘገያችሁ የዋጋው 25 በመቶ፣ 120 ደቂቃ ከሆነ 50 በመቶ ይመለሳል። ሌላም አለ፦ አንዳንድ ባቡር መንገድ ላይ ለሁለት ይከፈላል፣ ፊተኛው ግማሽ ወደ አንድ፣ ኋለኛው ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳል። ከመቀመጣችሁ በፊት ፉርጎው ላይ የተጻፈውን አንብቡ።

ቢራ ይዞ መመለስ ይቻላል?

በሚጫነው ሻንጣ ነው እንጂ በእጅ አይደለም፤ በእጅ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ፈሳሽ ብዙ ቦታ አያሳልፉም። እያንዳንዱን ጠርሙስ በካልሲ፣ ከዚያ በፕላስቲክ፣ ከዚያ በጋቢ ጠቅልሉት። እኔ የባምበርጉን የጭስ ቢራ 3 ጠርሙስ ይዤ አንዱም ሳይሰበር ጎንደር ገባሁ። ለእናቴ ምንም ሳልነግራት በጠላ ብርጭቆዋ ቀድቼ ሰጠኋት። አሸተተችው፣ አንዴ ፉት አለች፣ ደግማ አሸተተችው። «ታጥኗል፤ ግን ወይራ አይደለም፣ ሌላ እንጨት ነው» አለችኝ።